ያልታመመ እንስሳ በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ

ልጄ፣ ካሊፎርኒያ ሄደሽ ኦተር በሚባለው የባህር እንስሳ ሆድ ውስጥ የራዲዮ መሣሪያ ከሚያስቀምጡ ሐኪሞች ጋር ልትሠሪ እንደሆነ ስሰማ ደስም አለኝ፣ ሰጋሁም። ዕድሜዬን በእንስሳት ሕክምና ያሳለፍኩ ነኝና ይህን ያዢልኝ።

1. ይህ እንስሳ በሽተኛ አይደለም። እስከ ዛሬ ያከምሻቸው ላሞችና ውሾች ታመው መጥተው ነው፤ እሱን ግን የምትከፍቺው እኛ ማወቅ ስለፈለግን ነው። ማወቁ ግድ ነው። ለቆዳው ሲባል ታድኖ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ በ1911 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ውል ቢጠብቀውም ዛሬ በካሊፎርኒያ ያለው 3,000 ገደማ ብቻ ነው። የት እንደሚበላ፣ በምን እንደሚሞት ካልታወቀ ማን ይጠብቀዋል? ቢሆንም ፈቃዱን አልጠየቅነውም፤ ዕዳው የእኛ ነው።

2. መሣሪያው አንገቱ ላይ ይታሰርለት አትበዪ። አንገቱ የጭንቅላቱን ያህል ስለሚወፍር ማሰሪያው ይሾልካል።

3. ከሁሉ በላይ ለጠጉሩ ተጠንቀቂ። እንደ ዓሣ ነባሪ ከቆዳው ሥር የስብ ሽፋን የለውም፤ ከብርድ የሚያድነው በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ጠጉር መካከል የሚይዘው አየር ነው። በአንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ100,000 በላይ ጠጉር አለ! ውሻ ስታዘጋጂ እንደለመድሽው ሆዱን በሰፊው አትላጪ፤ በተላጨው ቦታ ቀዝቃዛው ውሃ በቀጥታ ቆዳውን ያገኘዋል። ከውሃ ውጪ ደግሞ ያው ጠጉር ያፍነዋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከሰውነቱ አይውጣ፣ በረዶም ከአጠገብሽ አይጥፋ።

4. ስፌቱን ከቆዳ ሥር ደብቂ፣ ክሩም በራሱ የሚሟሟ ይሁን። ኦተር ጠጉሩን ሲያሽና ሲልስ ነው የሚውለው፤ ብቅ ያለ ክር ካገኘ በጥርሱ ይጎትተዋል።

5. ማደንዘዣውን ፈንታኒል በማርከሻው በናልትሬክሶን ስትሽሪው በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። ዓይኑ ስለተከፈተ ብቻ ወደ ባህር አትልቀቂው፤ እንቅልፍ የተጫጫነው ኦተር ሊሰጥም ይችላል። ያለ ምክንያትም አታቆዪው፤ በቀን የክብደቱን ሩብ ያህል ካልበላ ሙቀቱን አይጠብቅም።

6. ከለቀቅሽው በኋላ ባህር ዳር ቁሚ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ሞገድ አለው። ኦተሩ ሲጠልቅ ጨዋማው ውሃ ምልክቱን ይውጠዋል፣ ብቅ ሲል «ቲክ ቲክ» ይላል። ያ መጥፋትና መመለስ በሥርዓት ከቀጠለ እያደነ ነው። በመነጽርሽም እዪው፦ በጀርባው ተንሳፍፎ ዛጎሉን ደረቱ ላይ በድንጋይ ይሰብራል? ሆዱን ደጋግሞ ያካል? ምልክቱ ከአንድ ቦታ ካልተነሳ ሂጂና ፈልጊው። ሞቶ ካገኘሽው አስከሬኑን ራስሽ መርምሪ፤ ከሁሉ አስቀድመሽ የራስሽን ስፌት እዪ፤ ያየሽውንም ሳትቀንሺ ጻፊ።