ኪቦርዱን ያዢው

ከሐሙሲት ተነስታ፣ ዓባይን ተሻግራ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለምትገባ ልጅ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። «ጤና ይሻልሻል»፣ «አካውንቲንግ ለሴት ልጅ ይመቻል»። የፍሬሽማን ዓመት አልቆ ዲፓርትመንት መምረጫው ሲደርስ ምክሩ ይበረታል። ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ብላ የሞላች እንደሆነማ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ይደነግጣል። እህቴ፣ ሞልተሽ ከሆነ ደግ አደረግሽ!

ከባዱ ቀን የመጀመሪያው የኮምፒውተር ላብ ቀን ነው። ከጎንሽ የተቀመጠው ልጅ ኪቦርዱን ሳያይ ይጽፋል። አንቺ «ኤረር» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ ስታፈጪበት ቆይተሽ፣ የጎደለችው አንዲት ሴሚኮለን ሆና ትገኛለች። እሱ ያን ጊዜ ጨርሶ ስልኩን ይነካካል። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህች ላይ ነው። ልጁ ግን ቤቱ ኮምፒውተር ነበረው። ቀደመሽ እንጂ አልበለጠሽም።

ይህን ለማጽናናት ብቻ አልልሽም። አሜሪካ ውስጥ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ኮምፒውተር ሳይንስ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ሴቶቹ 7 በመቶ ነበሩ። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር ተማሪዎቹን እያነጋገሩ ምክንያቱን አጠኑ። ብዙዎቹ ወንዶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ ናቸው፤ ሴቶቹ ደግሞ ያንን ልምድ ተሰጥኦ እየመሰላቸው ተስፋ ይቆርጣሉ። ዩኒቨርሲቲው ለጀማሪና ልምድ ላለው የተለያየ መነሻ ኮርስ አዘጋጀ፣ የቅበላ መስፈርቱንም አሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሴቶቹ ድርሻ 42 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት የሴት አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

«በአፈርማቲቭ ነው የገባችው» የሚል ሹክሹክታም ትሰሚያለሽ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ያወቀው ድጋፍ ነውና አንገትሽን አትድፊ። ለነገሩ ኮምፓይለር የማንንም የመግቢያ ነጥብ አይጠይቅም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በትህትና የሚመጣው ነገር ነው። ግሩፕ ፕሮጀክት ሲከፋፈል አንዱ ዳታቤዙን፣ ሌላው ፊት ገጹን ይወስዳል። ከዚያ ወደ አንቺ ይዞራሉ፦ «አንቺ አጻጻፍሽ ጥሩ ነው፤ ዶክመንቴሽኑን ያዢልን»። ምስጋና ይመስላል። እስክትመረቂ እንዲህ ከቀጠለ ግን ዲግሪው ላይ ስምሽ ይኖራል፣ እጅሽ ላይ ግን ሙያ የለም። የፕሮጀክቱ ዲፌንስ ላይ መምህሩ «የትኛውን ክፍል ኮድ አደረግሽ?» ሲል ምን ልትመልሺ ነው? ቀጣሪውም ይህንኑ ይጠይቃል።

ኪቦርዱ በማን እጅ መሆኑ ለሌላውም ሰው ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ፊት አይቶ ጾታ የሚለይ የንግድ ሶፍትዌር በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳት አሳየች። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ1 በመቶ አይበልጥም ነበር። ስህተቱን ለክተው ያወጡት ሁለት ጥቁር ሴቶች ናቸው። ትምኒት ከዚህ ጥናት አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ ከሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ከረድኤት አበበ ጋር፣ «ብላክ ኢን ኤአይ» የተባለውን ማኅበር መሥርታለች።

ላፕቶፕ ከሌለሽ በስልክሽ ጀምሪ። ፓይድሮይድ የተባለው አፕ አንዴ ከተጫነ ፓይተንን ያለ ኢንተርኔት ያሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ዶርም ተቀምጠሽ መለማመድ ትችያለሽ። ያልገባሽን ላብ ውስጥ ጮክ ብለሽ ጠይቂ፤ ያልገባው ሌላ ሰው ዝም ብሎ የአንቺን ጥያቄ እየጠበቀ ነው።

በሚቀጥለው ፕሮጀክት «ዳታቤዙን እኔ ነኝ የምሠራው» በያቸው። ዶክመንቴሽኑን በየተራ ጻፉት።