የሕፃናት አስቸጋሪ ባሕርይ፦ ምርመራው ሊዘገይ አይገባም

ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ሕፃን ፍላጎቱን በቃላት መግለጽ ገና ስለሚያዳግተው ማልቀሱ፣ መንከሱና መሬት ላይ መንከባለሉ አብዛኛውን ጊዜ የዕድገቱ አካል ነው። ቤት ውስጥ መዋሉና ከጓደኞቹ መራቁም ቁጣውን ሊያባብሰው ይችላል። ቋሚ የመኝታና የምግብ ሰዓት፣ ጨዋታና ትዕግሥት ያረግቡታል፤ ድብደባ ግን ያባብሰዋል።

ይሁን እንጂ ሕፃኑ፦

• ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፣
• 2 ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» እንደማለት ሁለት ቃላት የማያጣምር፣
• ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት የተወ፣
• ራሱን ወይም ሌሎችን ደጋግሞ የሚጎዳ ከሆነ፣

ወላጆች «ሲያድግ ይተወዋል» በማለት ሊዘገዩ አይገባም። መንስኤው የመስማት ችግር ወይም የዕድገት መዘግየት ሊሆን ይችላል፤ በቶሎ ሲታወቅ እርዳታው ይበልጥ ይጠቅማል።

በቅድሚያ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማማከር ወይም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ አስፈላጊ ሲሆን ባለሙያው ወደ ሆስፒታል ይልካል። ባሕርዩ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚቀሰቅሰውና ምን ያህል እንደሚቆይ ጽፎ መያዝ ምርመራውን ያግዛል። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ሕፃኑን አንድ ሰው ብቻ ይዞት እንዲሄድና የወሰደውም ሰው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲያደርግ ይመከር ነበር። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን መሸፈኛ ማድረግ አይመከርም።