ከእምብርት በላይ የሚሰማ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ

ከእምብርት በላይ ሕመም ሲሰማ «ጨጓራ ነው» ብሎ ማለፍ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ጉበት፣ የሐሞት ከረጢትና ቆሽትም በዚያው አካባቢ ይገኛሉ፤ ልብም ብዙ አይርቅም። ስለሆነም ለሐኪም የበሽታውን ስም ሳይሆን የሕመሙን ሁኔታ መንገር ይገባል።

የሕመሙ መንስዔዎች ምን ሊሆኑ ይችላሉ?

1. የጨጓራ ቁስለት፦ ብዙውን ጊዜ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ይመጣል። ይህ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይይዛል። ማርሻልና ዋረን የተባሉት የአውስትራሊያ ሐኪሞች ባክቴሪያው ቁስለት እንደሚያስከትል በማረጋገጣቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ የወሰዱ አብዛኞቹ ሕሙማን ይድናሉ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ጨጓራን ሊያቆስሉ ይችላሉ።

2. የሐሞት ጠጠር፦ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር ይሰማል፤ ወደ ቀኝ ትከሻም ሊዛመት ይችላል።

3. የቆሽት ብግነት፦ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመም ነው።

4. የጉበት ብግነት፦ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ሽንትም ይጠቁራል።

5. ትርፍ አንጀት፦ ሕመሙ በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ታችኛው ቀኝ ጎን ሊወርድ ይችላል።

6. የአንጀት ትላትል፦ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል። ኮሶ ራሱ ሆድን ሊያሳምምና ሊያስመልስ ስለሚችል፣ ሳይመረመሩ አይጠጡ።

7. ድንገተኛ የልብ ሕመም፦ በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ የሆድ ሕመም መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሳይዘገዩ እርዳታ የሚጠይቁት መቼ ነው?

ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆድ ከደነደነ፣ ውኃ እንኳ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ፣ እንዲሁም ደረትን ተጭኖ ከያዘ፣ ካላበ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያውኑ በስልክ ቁጥር 101 ማጌን ዳቪድ አዶምን ይጥሩ። ከአምስተኛው ወር በኋላ ያለች ነፍሰ ጡርም ከሕመሙ ጋር ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት በአስቸኳይ መታየት አለባት። በኔታኒያ ከተማ የላኒያዶ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል አለ።

ለሐኪም ምን ይነግራሉ?

አስቸኳይ ላልሆነ ሕመም በኩፓት ሖሊም የቤተሰብ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት፣ ማንኛውም የእስራኤል ነዋሪ ከአራቱ የኩፓት ሖሊም ድርጅቶች በአንዱ የመታከም መብት አለው።

«ልቤን አቃጠለኝ» የሚለው አነጋገር ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲተረጎም ሐኪሙን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የሚያምዎትን ሥፍራ በጣትዎ ያሳዩ። መቼ እንደጀመረ፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ እንደሚብስ፣ የባህል መድኃኒት ጭምር ምን እንደወሰዱ ይንገሩ። ሕፃን ልጅዎን በአስተርጓሚነት አያቁሙ፤ የሚያፍርበትንና የማያውቀውን ቃል ሊዘለው ይችላልና አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ወይም አስተርጓሚ እንዲገኝልዎ ይጠይቁ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።