በጋዛ መንገድ የተጠየቀው ጥያቄ



ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ አንድ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይተርካል (ሐዋ. 8፥26-40)። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሲቀርብ ንባቡን ሰማ። በዚያ ዘመን ሰው ለብቻው ሲሆንም መጽሐፍን በድምፅ ማንበቡ የተለመደ ነበር፤ ልማዱ በኢትዮጵያ ንባብ ቤት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ይህ ፊልጶስ ከ12ቱ ሐዋርያት የሚቆጠረው ፊልጶስ አይደለም፤ ከ7ቱ ዲያቆናት አንዱ ነው (ሐዋ. 6፥5)። ብዙዎች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። የጃንደረባውንም ስም ባኮስ ብሎ ያቆየው ትውፊት ነው እንጂ ቅዱስ ሉቃስ ስሙን አልጻፈም።

ሰውየው በንግሥት ሕንደኬ ግምጃ ቤት ላይ የሠለጠነ ባለ ሥልጣን ነበር። ለመስገድ እስከ ኢየሩሳሌም ተጉዟል፤ መጽሐፍም በእጁ አለ። ሆኖም የሚመራው ከሌለ ማስተዋል እንደማይችል ሳያፍር ተናገረ፤ ቀጥሎም ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ጠየቀ። ያነበበውን ቃል ለገዛ ሐሳቡ ማጽኛ ለማድረግ አልቸኮለም፤ አስቀድሞ ስለ ማን እንደ ተነገረ ማወቅ ፈለገ።

ከጋዛ እስከ አስቀሎና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአስቀሎና ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ይኖራሉ፤ ከተማዪቱ ካሏት ሰፈሮችም አንዱ ግቫት ጺዮን ይባላል። ስሙ በዕብራይስጥ «የጽዮን ኮረብታ» ማለት ነው። ተሳላሚ ይህን ሰምቶ ዳዊት የዘመረላት ጽዮን ይህች ናት ቢል ይሳሳታል፤ ያቺ በኢየሩሳሌም ናት፤ በመካከላቸውም 60 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ጃንደረባው በአስቀሎና ተጠመቀ ማለትም እንዲሁ አይገባም። መጽሐፉ የውኃውን ስም አይጠራም፤ ፊልጶስ ከዚያ በኋላ በአዛጦን እንደ ተገኘና እስከ ቂሣርያ እየሰበከ እንደ ሄደ ግን ይናገራል።

እነዚህ ቀላል ስሕተቶች ናቸው። የሚከብደው ሌላ ነው። ጦርነት በሆነ ጊዜ ስለ ጋዛ የተነገረውን የነቢያት ቃል ከቦታው ነቅሎ በዛሬዪቱ ከተማና በዛሬ ነዋሪዎቿ ላይ የሚያነብ አይጠፋም። ይህ ሰው ሶፎንያስ ምዕራፍ 2 ቁጥር 4ን ጠቅሶ ጋዛ እንደምትተው ተጽፏል ይላል። በእርግጥ ተጽፏል። ነገር ግን ያው ቁጥር፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ አስቀሎና ባድማ እንደምትሆን ይጨምራል፤ አዛጦንንና አቃሮንንም ይጠራል። የቁጥሩን ግማሽ በሰው ላይ የሚያነብ ሌላውን ግማሽ በግቫት ጺዮን ቡና አፍልተው በተቀበሉት ዘመዶቹ ቤት ላይ ሊያነብ ነው። ይህን ማድረግ ካልደፈረ የፊተኛውንም ባላነበበው ነበር።

የጃንደረባው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ቃሉ ስለ ማን ተነገረ? ሶፎንያስ የተናገረው በንጉሡ በኢዮስያስ ዘመን ስለ ነበሩት የፍልስጥኤም ከተሞች ነው። አስቀሎናን የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ604 ዓመት አፍርሷታል፤ የቃጠሎዋ ፍርስራሽም በቁፋሮ ተገኝቷል። ከሶፎንያስ በፊት የነበረው አሞጽ ደግሞ በጋዛ ላይ ክሱን በግልጥ ያስቀምጣል፤ የማረኩትን ሕዝብ ለኤዶም አሳልፈው በመስጠታቸው ነው (አሞ. 1፥6-8)። መጽሐፉን ያልዘጋ አንባቢ ጥቂት ዝቅ ብሎ ያው ነቢይ ይሁዳንና እስራኤልን ራሳቸውን ሲከስ ያገኘዋል (አሞ. 2፥4-6)። አሞጽን ሙሉውን አንብቦ በጎረቤቱ ላይ ጣቱን የሚቀስር ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለዚህ ሥራ ዕድሜ የሚጠይቅ ትምህርት ሠርተዋል። ተማሪው በንባብ ቤት ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ለይቶ ማንበብ ይማራል። አንዲት ፊደል እንኳ እንዲሁ አትታለፍም፤ በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» ደግሞ አስተማረ ነው። ከቅኔ ቤት በኋላ የመጻሕፍት ጉባኤ ይቀጥላል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። በዚያ መምህሩ ንባቡን ካስነበበ በኋላ «አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያወርዳል። «አንድም» ማለት እንደ ወደዱ መተርጐም አይደለም፤ እያንዳንዱ ትርጓሜ ከመምህር የተቀበሉት፣ ምሥጢሩ ከንባቡ ጋር የተመዘነ ነው።

ቤተ እስራኤልም ኦሪትን ለዘመናት በግዕዝ ሲያነብቡ ኖረዋል፤ ልጆቻቸው ዛሬ የሚያነብቡት በዕብራይስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ማዕድ ዙሪያ ሁለት ንባብ ሊገናኝ ይችላል። መሳፍንት 1፥18 ስለዚህችው ስለ አስቀሎና ሲናገር፣ በዕብራይስጡ ይሁዳ ከተማዪቱን ያዘ ይላል፤ በሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ግን አልወረሰም ይላል። ያልተማረ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ወይ ይደነግጣል ወይ መጽሐፋችሁን አበላሻችሁ ብሎ ከዘመዱ ጋር ይጣላል። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን በቀድሞው ዘመን ከግሪክ እንደ ተተረጐመ የተማረው ግን የልዩነቱን ምንጭ በትዕግሥት ያስረዳል፤ ቡናውም አይቀዘቅዝም።

የመዝሙራት ቁጥር ልዩነትም ከዚሁ የመጣ ነው። በግዕዙ ዳዊት 86ኛ የሆነው መዝሙር በዕብራይስጡ 87ኛ ነው። አጭር ነው፤ 7 ቁጥር ብቻ አለው። በዚያ እግዚአብሔር በጽዮን ተወለዱ ብሎ ከሚቈጥራቸው አሕዛብ መካከል የፍልስጥኤም ሰዎችና ጢሮስ፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያ፣ በአንድ ቁጥር ላይ ጐን ለጐን ተጽፈዋል። ወደ አስቀሎና የሚወርድ ተሳላሚ ይህን መዝሙርና የሶፎንያስን 3 ምዕራፎች በአውቶቡስ ውስጥ፣ ከመድረሱ በፊት፣ አንብቦ ሊጨርሳቸው ይችላል።