ቆዳ ሳይቀደድ የሚጎዳ ደም ቅዳ

በመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ በመውደቅ ሆዱ የተመታ ሰው ቆዳው ሳይቀደድ በውስጡ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሆድ ዕቃ ደም ቅዳዎች በእንዲህ ያለ ምት እንዴት እንደሚጎዱ፣ ጉዳቱም እንዴት እንደሚታወቅና እንደሚታከም እንመለከታለን።

መኪና ድንገት ሲቆም ተሳፋሪውን ቀበቶው ይይዘዋል፤ የውስጥ አካላቱ ግን ወደፊት መጓዛቸውን ለመቀጠል ይሞክራሉ። ኩላሊትን እንውሰድ። ኩላሊት ከታላቁ ደም ቅዳ፣ ከአኦርታ፣ በሚመጣ ቅርንጫፍ እንደ ተንጠለጠለ ስለሚገኝ ወደፊት ሲወረወር ቅርንጫፉ ይሳባል። የደም ቅዳ ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው፤ ከሦስቱ እምብዛም የማይለጠጠው የውስጠኛው ስለሆነ ቀድሞ የሚቀደደው እርሱ ነው። ውጫዊው ንብርብር ሳይበጠስ በተቀደደው ስፍራ ደም ይረጋና መተላለፊያውን ይደፍናል። በዚህ ጊዜ አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስ ኩላሊቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አንጀትን የሚመግቡት ቅርንጫፎች ግን ብዙ ጊዜ ፈጽመው ይበጠሳሉና ደማቸው ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል።

ሐኪሙን በእጅጉ የሚያሳስተው የደም ግፊት ነው። የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ጤናማ ወጣት ደም ሲያጣ ልቡ ይፈጥናል፣ የእጅና የእግሩ ደም ስሮችም ይጠብባሉ፤ በመሆኑም እስከ 30 በመቶ፣ ማለትም 1.5 ሊትር ያህል፣ እስኪያጣ ድረስ ግፊቱ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የልብ ምት ፍጥነት፣ የእጅ መቀዝቀዝ፣ በሆድ ላይ የቀረ የቀበቶ ሰንበርም ቸል አይባሉም። አልትራሳውንድ በሆድ ዕቃ ውስጥ የፈሰሰ ደምን በደቂቃዎች ያሳያል። ሆኖም አኦርታና ኩላሊቶች ከሚገኙበት ከኋለኛው ክፍል የተጠራቀመውን በደንብ አያሳይም። ይህን የሚገልጠው ደም ስርን የሚያጎላ ፈሳሽ ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው።

ግፊቱ እየወረደ ያለ ሕመምተኛ ግን ሲቲ ስካን አይጠብቅም፤ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። በዚያም የተበጠሰው ይቋጠራል፣ ይሰፋል ወይም ከእግር በተወሰደ ደም መልስ ይቀጠላል። የተረጋጋ ሕመምተኛ ከሆነ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ይገባና የሚደማው ቅርንጫፍ በብረት ጥቅል ይደፈናል፤ ወይም ውስጡ የተቀደደው ደም ቅዳ በስቴንት ይደገፋል። የትኛው ይደፈን የሚለው እንደ ደም ቅዳው ይለያያል። የጣፊያ ዋና ደም ቅዳ ቢደፈን ጣፊያ ከጨጓራ በኩል በሚመጡ ትናንሽ ቅርንጫፎች ይመገባል። ትንሹን አንጀት ከሞላ ጎደል የሚመግበውን ዋና ደም ቅዳ መድፈን ግን አንጀቱን መግደል ነውና መጠገን አለበት።

አኦርታን ከውስጥ በፊኛ ለጊዜው የመዝጋት ዘዴም ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ፊኛው የሞትን መጠን እንዳልቀነሰ፣ እንዲያውም ሳይጨምረው እንዳልቀረ አመለከተ። ፊኛው በተመደበላቸው ሕመምተኞች ዘንድ የደም መፍሰሱን ፈጽሞ ለማቆም የወሰደው ጊዜም ረዝሞ ተገኝቷል።