ሕፃን አፉን የሚፈታው በማን ነው?



ጅዳ ስሠራ በእጄ ያደገ አንድ ወንድ ልጅ ነበር። ማዳም ወደ ሥራዋ ስትሄድ ወለሉ፣ ልብሱ፣ ወጥ ቤቱ እኔን ይጠብቃል። ስለዚህ ጠዋት ካርቱን ከፍቼ ፊት ለፊቱ አስቀምጠው ነበር። ዝም ስለሚልልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታ ሲል ግን ማዳም «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በቅርቡ መካ ሠርታ የተመለሰች እህት ያንኑ ጥያቄ ተጠይቃ እንደነበር እያለቀሰች አጫወተችኝ።

ልጅ ለመናገር የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጆሮውም መመርመር አለበት። ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ አትጫኚ። ይህን ግን እወቂ።

ጥናቱ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የ9 ወር ሕፃናትን ቻይንኛ አሰማቻቸው። ከፊሎቹ 12 ጊዜ ከቻይንኛ ተናጋሪ ጋር ተጫወቱ፤ ሌሎቹ ያንኑ በቴሌቪዥን አዩ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቋንቋውን ድምፅ ለዩ፤ በቴሌቪዥን ያዩት አልለዩም።

ሕፃን «ባ» ሲል አንቺ «ባ» ብለሽ ትመልሺለታለሽ። ቴሌቪዥን አይመልስለትም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቴሌቪዥን እንደማይመከር፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ አሳስቧል።

ምን እናድርግ?

1. እየሠራሽ አናግሪው። ልብስ ስታጣጥፊ «ካልሲውን ስጪኝ» ሳይሆን «ካልሲውን ስጠኝ፣ ይኼ ቀይ ነው» በይው፤ ደረጃ ስትወጡ ቁጠሩ። አረብኛሽ ቢሰባበርም አይጎዳውም።

2. ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ክፍት አይዋል። ሲበላና ሲተኛ ይዘጋ።

3. ማዳምን አማክሪ። «ከእኔ ጋር ሲጫወት የበለጠ ያወራል፤ ጠዋት ልዝጋው?» በያት። ሥራ በዝቶብሽ ለጥቂት ጊዜ ብትከፍቺለት ግን ራስሽን አትውቀሺ።

የራሳችንስ ልጆች?

ብዙዎቻችን የሰው ልጅ እያሳደግን የራሳችንን ለእናቶቻችን ትተናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስክሪን ለጨቅላ አይሁን ሲል፣ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበትን የስልክ ጥሪ ግን አልከለከለም። በስልኩ ውስጥ የሚመልስለት ሰው አለና! ስለዚህ በኢሞ ስትደውዪ ስለ ገንዘብ ብቻ አታውሪ። ልጅሽን በስሙ ጥሪው፤ ጠይቂው፤ እስኪመልስ ጠብቂው።

ለውይይት

• በምትሠሪበት ቤት ቴሌቪዥኑ በቀን ስንት ሰዓት ይከፈታል?
• ነገ ከሕፃኑ ጋር እያወራሽ የምትሠሪው ሥራ የትኛው ነው?