ፖታሲየምና የልባችን በሮች

ተቅማጥና ትውከት የበረታበት ሰው የልብ ምቱ ሲዛባ ሐኪሞች በደሙ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚለኩት ለምን ይመስላችኋል? ምክንያቱ ያለው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን በሮች ላይ ነው።

እያንዳንዱ ሕዋሳችን በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። በሽፋኑ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ የፖታሲየም መተላለፊያ በሮች አሉ። የነርቭ ወይም የልብ ሕዋስ በኤሌክትሪክ ሲነቃ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ፖታሲየም ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሕዋሱም ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል። ይሁንና ብዙዎቹ በሮች የከፈታቸው ምክንያት ገና ሳያልፍ በራሳቸው ይደፈናሉ። ይህም በሁለት መንገድ ይሆናል።

የመጀመሪያው «ኳስና ሰንሰለት» ይባላል። የፕሮቲኑ ጫፍ በሕዋሱ ውስጥ በክር እንደታሰረ ኳስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በሩ ሲከፈት ኳሱ ገብቶ እንደ ውታፍ ይደፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሆሺ፣ ዛጎታና ኦልድሪች የተባሉ ተመራማሪዎች ሼከር በተባለው የፍራፍሬ ዝንብ በር ላይ ኳሱን ቆርጠው ሲያስወግዱት ፈጣኑ መደፈን ቀረ። ኳሱን ብቻውን ሠርተው ከውስጥ በኩል ሲጨምሩት ደግሞ በሩ እንደገና ተደፈነ። ይህ በር አራት ኳሶች ቢኖሩትም ለመድፈን አንዱ ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ በበሩ የውጭ አፍ በኩል ያለው ጠባብ ማጣሪያ ቅርፁን ሲለውጥ ነው። ከውጭ በቂ ፖታሲየም ካለ ማጣሪያውን ደግፎ ያቆየዋል፤ ሲያንስ ግን ቶሎ ይደፈናል። ኸርግ የተባለው የልብ በር የሚደፈነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወደ ዕረፍቱ ለመመለስ ይዘገያል፤ ምቱም በአደገኛ ሁኔታ ሊዛባ ይችላል።

ይህንኑ በር የሚዘጉ መድኃኒቶችም አሉ። ተርፈናዲን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት የልብ ምት በማዛባቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ኢሪትሮማይሲንና የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪንም ይህን በር በመጠኑ ይዘጋሉ።

እንግዲህ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

1. ተቅማጥና ትውከት ሲያጋጥም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) እንጠጣ፤ ፖታሲየም አለውና።

2. ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምንወስድ ወይም ተቅማጥ የያዘን ከሆነ፣ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝልን ይህንኑ ለሐኪሙ እንንገር።

3. ሙዝ፣ ቴምር፣ ድንችና ምስር ጥሩ የፖታሲየም ምንጮች ናቸው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን ፖታሲየም ሲበዛበትም ልቡ ስለሚጎዳ፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።